ሁለተኛው ፍሬን

የማሠልጠኛ መኪና ከሌላው መኪና የሚለየው ከአሠልጣኙ እግር ስር ሁለተኛ ፍሬን ስላለው ነው። ተማሪው መሪውን አንቆ ይዞ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ አሠልጣኙ ከጎኑ ዘና ብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ ቀኝ እግሩ ግን ሥራ ላይ ናት። ተማሪው ደንግጦ በፍሬን ፋንታ ነዳጁን ቢረግጥ ያቺ እግር ከተፍ ትላለች።

ጋሽ ረጋ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ የበላው በዚያች እግሩ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ተማሪዎቹ ነን። ስትነሳ «ረጋ!» ይላል፣ ስትታጠፍ «ረጋ!» ይላል፣ ቆመህ፣ ሞተሩም ጠፍቶ፣ ያው «ረጋ!» ነው። ደንዳና ሰው ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ደግሞ ለዚያ ሰውነት የማይመጥን ለስላሳ። እኔ ወደ ኋላ ማቆም እምቢ ብሎኝ ከማንም ተማሪ ይልቅ አብሬው ስለቆየሁ የቤቱን ወሬ ሁሉ እዚያችው መኪና ውስጥ ሰምቻለሁ። የጎደለውን ሚስቱ ሞልታልኛለች፤ የሁለቱ ወሬ የተጣላበትን ደግሞ እናቱ አስታርቀውልኛል።

የጋሽ ረጋ ችግር ያቺ እግር ከሥራ ሰዓት ውጭም ማረፍ አለማወቋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋቢው ስብከታቸውን ፈጠን ሲያደርጉት የፊተኛውን አግዳሚ እግር ይረግጣል። ፀጉር ቤት ማሽኑ ወደ ጆሮው ሲጠጋ ይረግጣል። ሳሎኑ ውስጥ እሱ ከሚቀመጥበት ሶፋ ፊት ያለው ምንጣፍ በቀኝ በኩል ብቻ፣ ጫማ በምታህል ቦታ፣ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ፣ እማማ፣ ያችን ቀዳዳ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በከዘራቸው ያሳያሉ።

«ልጄ ዜና እያየ ነው የቆፈራት» ይላሉ። «ዓለምን ሊያቆማት እኮ ነው፤ እምቢ አለችው እንጂ።»

ሚስቱ ኬክ ጋጋሪ ናት። የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ኬክ» ብለዋታል፣ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ከቤታቸው ጀርባ ያለችው ክፍል የእሷ ናት፤ ምድጃው፣ የእንቁላል መምቻው፣ በየመጠኑ የተደረደሩት ክብ ቅርጾች፣ ክሬም የሚጨመቅባቸው ከረጢቶች እንደ ካልሲ ገመድ ላይ ተሰጥተው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወሬዋ ማለቂያ የሌለው ሴት ናት። አንድ ነገር ልትነግርህ ከጀመረች መንገድ ላይ ሌላ አራት ነገር አንስታ ታሳፍራለች።

«እሱ ፍሬን ነው፣ እኔ ነዳጅ ነኝ» ትላለች። «መሪውን ለጌታ ሰጥተን ነው እዚህ የደረስነው።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ሻይ ተቀድቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ማንም አንድ ነገር ሳይቀምስ፣ ድምፃቸውን አውጥተው አብረው ይጸልያሉ። መጀመሪያ እሱ ነው። የእሱ ጸሎት እንደ መንገድ ምልክት አጭርና ግልጽ ነው፤ ላደርክልን ተመስገን፣ ከአደጋ ጠብቀን፣ ማዕዱን ባርክልን። ከዚያ የእሷ ይቀጥላል። የእሷ በየፌርማታው የሚቆም አውቶቡስ ነው። ለሩቅ አገር ተማሪዋ ልጃቸው ይቆማል። እንቁላል ለምታመጣላት ሴትዮ ይቆማል፤ ለሴትዮዋ አማች ይቆማል። ኬክ ላዘዙ ሙሽሮች በየተራ ይቆማል። እግሩ ተሰብሮ ለነበረው የጎረቤት ውሻ እንኳ ቆሟል። በመጨረሻ፣ ሻዩ እንፋሎቱን ጨርሶ የጋሽ ረጋ የመጀመሪያ ተማሪ ቀጠሮ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሊሞላ ሲል፣ «የእማማንም ጉልበት…» ትላለች።

«አሜን!» ይላል ጋሽ ረጋ።

ቁርጥ ያለች አሜን ናት። ልክ እንደ እግሩ። እትዬም «አሜን» ብላ ትነሳለች፤ እሱ ቀዝቃዛ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ይወጣል። እማማን ጉልበታቸውን ካመማቸው ጀምሮ ጸሎቱ የሚያበቃው ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነበር።

አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ማቆም እያለማመደኝ ሳለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ሚስትህ ለጎረቤት ውሻ ጸልያ ላንተ ባትጸልይ ምን ይሰማሃል?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላገባሁም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መሪውን አዙር!»

አዞርኩ። ጎማው ድንጋይ ላይ ወጣ። እሱ ግን ድንጋዩን አላየውም።

«ውሻውን አልተቃወምኩም» አለ። «እግሩ ተሰብሯል፣ ይጸለይለት። የእንቁላል ሻጯ አማች ግን ምኔ ነው? አይቼው አላውቅም። ለእሱ ሲጸለይ ‹ይሁን› እላለሁ። ለእናቴ ጉልበት ስትጸልይማ እግዜር ይስጣት። እኔስ? አንድ ቀን ስሜን አላነሳችም። አንድ ቀን!» እግሩ ፍሬኑን ረገጠች። መኪናው ቆሞ ነበር።

«ለምን አትጠይቃትም?»

«ይጠየቃል እንዴ? ለምኜ የማገኘው ጸሎት ምን ይሠራልኛል? አንድ ሥጋ ናችሁ ተብለን ነው የተባረክነው። አንዱ ግማሽ ሌላውን ግማሽ ረስቶ ወደ ጌታ ፊት ይቀርባል? እንጃ። ምናልባት ልቧ ውስጥ የለሁም።» ከዚያ አፈር እንደነካው ሰው እጁን በሱሪው ጠረገና «ረጋ በል፣ እንደገና ሞክር» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ዝም አይልም። በማግስቱ ጠዋት፣ ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት፣ ጋሽ ረጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዛሬ ጀምሮ በየግላችን ብንጸልይስ? ሻዩም ይቀዘቅዛል።»

እትዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ነገር የማያልቅባት ሴት፣ «እንዳልክ» ብቻ አለች።

ኋላ ስጠይቃት፣ «ድምፄ የሰለቸው መሰለኛ!» አለችኝ። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ስለፈልፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይገባዋል ብዬ ዋጥኩት።»

ሦስት ሳምንት እንዲያ ሆነ። ታክሲ ውስጥ እንደተገናኙ መንገደኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። «ስኳር?» «ይበቃል።» «መጣሁ።» «እሺ።» አበቃ። ሻዩ ግን ትኩስ ነበር፤ አፍ ያቃጥላል። ጋሽ ረጋ ያን ሰሞን ምላሱ ተልጦ «ረጋ» ማለት እንኳ ያመው ነበር።

መጀመሪያ የተቃወሙት እማማ ናቸው። ከዘራቸውን በወለሉ ላይ ደበደቡና፣ «ጉልበቴ ብሶብኛል!» አሉ። «ማነው ጸሎቴን ያስቆመው? ሁለታችሁ ብትኳረፉ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አልተኳረፍንም፣ እማዬ» አለ ልጃቸው።

«እሱስ እውነት ነው። ለማኩረፍም መነጋገር ያስፈልጋል።»

እንግዲህ ቅዳሜ መጣ። የመጋቢው ልጅ ልታገባ ነው፤ ባለሦስት ደርቡን ኬክ የሠራችው እትዬ ናት። የሠርጉ አዳራሽ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ኬክ የሚያደርስላት ሹፌር ጠዋት ደውሎ መኪናው እምቢ ብላ ጋራዥ መግባቷን ነገራት። የቀረችው የጋሽ ረጋ የማሠልጠኛ መኪና ብቻ ሆነች።

እሱ ራሱ ይንዳ እንዳይባል ታሪክ አለ። ጋሽ ረጋ ሁለት ጊዜ ኬክ አድርሶ ያውቃል። የፊተኛው ሲደርስ ሦስቱም ደርቦች ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ፎቶ የሚነሳ ቤተሰብ መስለው ነበር። በሁለተኛው ላይ የስኳሩ ሙሽራ ከሙሽሪቱ ተነጥሎ ክሬም ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። መንገድ ላይ ምን ገጠመህ ሲባል «ምንም» ብሏል። እውነቱን ነው፤ ምንም አልገጠመውም። የሚገጥመው መስሎት ነው የረገጠው።

እትዬ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ወሯ ነው። መጀመሪያ ባሏ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ረገጠባት፤ ቆጥራለች። በሠላሳ አንደኛው መኪናውን መንገድ ዳር አቁማ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ቦርሳዋን አንስታ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ኋላ ከሌላ አሠልጣኝ፣ ከአንዲት ጠና ካለች ሴት ዘንድ ተምራ በአንዴ አለፈች። ይህም ነገር ጋሽ ረጋን ትንሽ ሆድ አስብሶታል።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ወገቧ ላይ ሽርጥ እንደታሰረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ረጅሙ ንግግሯ ይህ ነበር። «እኔ እነዳለሁ።»

«እኔ ከጎን ካልተቀመጥኩ ያቺ መኪና ከበር አትወጣም።»

«አንተ ከጎን ከተቀመጥክ ኬኩ አይደርስም።»

እማማ በመስኮት ብቅ አሉ። «እኔ ልቀመጥላችሁ?»

እትዬ አሰበች። ከዚያ ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች። «ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጫማህን። ባዶ ካልሲ ያን ያህል አይደፍርም። ጫማው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይቆለፍበታል።»

ጋሽ ረጋ እናቱን አየ። እናቱ ሰማዩን አዩ። አወለቀ። ሁለቱ ትልልቅ የኬክ ደርቦች በየካርቶናቸው ከኋላ ወንበር ፊት ወለሉ ላይ ተደላደሉ። ሦስተኛው፣ ትንሹ፣ ጫፉ ላይ ሁለት የስኳር እርግቦች ክንፋቸውን ዘርግተው ስለቆሙ ካርቶን አልበቃ አለው። እትዬ እሱ ቀበቶውን እስኪያስር ጠብቃ ትንሹን ኬክ በሰሌዳው እንዳለ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እርግቦቹ ፊት ለፊት አፈጠጡበት።

«ከረገጥክ የምትበላው አንተ ነህ» አለችው። «ያውም በአፍንጫህ።»

ተነሱ። ሰፈሩን ሳይወጡ ያቺ እግር አራት ጊዜ ብድግ አለች ይላል እሱ፤ እትዬ ሰባት ትላለች። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ በተነሳች ቁጥር ጣቲቱ ብቅ ብላ መንገዱን ታያለች። አደባባዩን አለፉ። መብራት ያዛቸው። እትዬ ማርሹን ወደ ዜሮ መልሳ፣ ፊት ለፊት እያየች ተናገረች።

«ሳልጸልይ ረጅም መንገድ አልነዳም። ብትፈልግ በግልህ ጸልይ፣ ብትፈልግ ስማ። ዓይንህን ግን እንዳትጨፍን፤ እኔም አልጨፍንም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ የጸሎቷ አውቶቡስም ተነሳ። ለልጃቸው ቆመ፤ ፈተና ላይ ናት። ለሙሽሪት ቆመ፤ ለሙሽራውም፣ በተለይ ለትዕግሥቱ። ለእንቁላል ሻጯ ቆመ። አማችየው ሥራ አግኝቷል፣ ተመስገን። ውሻው እየሮጠ ነው፤ እንዲያውም አሁን ትንሽ ይቀንስለት። ጋሽ ረጋ እርግቦቹን እያየ ያዳምጣል። ሦስት ሳምንት ያልሰማው ድምፅ ነው። ኋላ ሲነግረኝ፣ «ለካ ናፍቆኝ ኖሯል» አለ፤ እኔን ሳያይ፣ በስፖኪዮው ወደ ኋላ እያየ።

«…የእማማንም ጉልበት አበርታልኝ» አለች እትዬ።

አፉ ተከፈተ። ልክ ያን ጊዜ አሸዋ የጫነ መኪና ከአንድ ግቢ ውስጥ በቂጡ ብቅ አለ። እሱ እንደሚለው ሁለት እርምጃ ሲቀረው፣ እሷ እንደምትለው በመሀላቸው አንድ አውቶቡስ መቆም ይችል ነበር። ያም ሆነ ይህ አሜኗ ጉሮሮው ላይ ደረሰች፣ ካልሲዋም ፍሬኑን ልትነካ ደረሰች፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ጋሽ ረጋ እርግቦቹን አየ። እርግቦቹ እሱን አዩ። ጥርሱን ነክሶ እግሩን አየር ላይ ያዛት፤ ከእግሩ ጋር አሜኗም አየር ላይ ቀረች።

እትዬ ፍሪሲዮኑን ይዛ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ተጫነችው። መኪናዋ ትከሻዋ ላይ እንደተነካች ሰው ዝም ብላ ቆመች። የእርግቧ ክንፍ አልተነቃነቀም። የአሸዋው መኪና ተጠማዞ ሄደ። እትዬ አንደኛ ማርሽ አስገባች፤ ድምፅዋን ሳትቀይር ቀጠለች።

«…አሁን ደግሞ ጌታ ሆይ፣ ወደ ራሴ ሰው መጣሁ። ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ ይወርድብኛል፤ ዛሬ በቀበቶ ታስሮልኛልና ተመስገን። ይህን ሰው ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ። የማያውቀው የሰው ልጅ እንዳይጎዳበት በየማለዳው ጎማውን ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። ቀኝ እግሩን አሳርፍለት። የምትረግጠው ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ሁላችንም እንዳንጎዳ ፈርታ ነው፤ አንተ ታውቃታለህ። ደግሞ ሦስት ሳምንት ሆነው ከተከፋብኝ። ምን እንዳደረግኩት ንገረኝ፤ ካልሆነም ለእሱ ንገረውና እሱ ይንገረኝ…»

«ለኔም ትጸልያለሽ?» አለ ጋሽ ረጋ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ሆኖ ነበር።

«ለማን ልጸልይ ታዲያ? ባሌ ማነው?»

«አንድ ቀን ሰምቼሽ አላውቅም እኮ!»

«መቼ አስጨርሰኸኝ?» መሪውን በመዳፏ መታችው። «አንተ ሰውዬ፣ የእማማ ጉልበት ጋ ስደርስ ‹አሜን!› ብለህ ትነሳለህ። አንተን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጥህ። በጥድፊያ እንዳላልፍህ ብዬ።»

ቀጣዩን መታጠፊያ ታጠፉ።

«ታዲያ የቀረውን የት ታደርሺው ነበር?» አላት።

«ጓዳ ነዋ። ከእንቁላሉ ጋር። አንተ ወጥተህ ስትሄድ እንቁላሉን እየመታሁ እጨርስሃለሁ። ምነው፣ ኬኬ ለምን እንደዚያ የሚነፋ መስሎሃል?»

ጋሽ ረጋ ጣፋጭ አይወድም። ሚስቱ በሠራችው ኬክ ስንቱ ሠርግ፣ ስንቱ ልደት ሲደገስ እሱ ዳር ቆሞ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት ከተማው በሙሉ ለእሱ የተጸለየውን ጸሎት ከሻይ ጋር ሲበላ እሱ አንድ ጉርሻ አልደረሰውም። ይህን ሲያስብ ዓይኑ ሞላ። ሚስቱ እንዳታይበት ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል ደግሞ ጭኑ ላይ ያለውን ረሳው።

«ጌታዬ!» አለች እትዬ። «ሳትረግጥም በአፍንጫህ በላኸው?»

ምላሱን አውጥቶ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ቀመሰ። «ጥሩ ነው» አለ። «ቀጥይ። አልጨረስሽም።»

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ እትዬ የአፍንጫውን ስርጉድ በአንዲት የስኳር አበባ ሸፈነችው፤ ዛሬም የሠርጉ ፎቶ ላይ ያቺ አበባ ያለቦታዋ ተተክላ ትታያለች። ጋሽ ረጋ ትንሹን ኬክ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ በተተኮሰ ሸሚዙና በክራቫቱ፣ በእንግዶች መሀል ገባ። ምን እንደተረሳ ያዩት መጋቢው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ጫማህስ?»

ጋሽ ረጋ ወደ እግሩ ተመለከተ። አውራ ጣቱ ብቅ ብላ እንግዶቹን ትቃኛለች። «ጥፋት አጥፍቶ ኋላ ተቆልፎበታል፣ መጋቢ» አለ። «ዛሬ ይፈታል።»

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የእኔ ትምህርት ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ሁለት ሰዓት ተዛወረ። ምክንያቱን ስጠይቀው «የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ አሳጠረው። በማግስቱ ቀደም ብዬ ሄጄ በረንዳው ላይ ስጠብቅ እማማ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ከውስጥ የእትዬ ድምፅ ይሰማል፤ ገና እንቁላል ሻጯ ጋ ነው።

«ስማ፣ ልንገርህ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ትናንት እየጸለዩ ማንኪያ ወደቀብኝና ጎንበስ አልኩ። ያቺ እግሩ ይኸው እንደ ልማዷ ተነስታለች። ሚስትየው ምን አድርጋለች መሰለህ? ጫማዋን አውልቃ እግሯን እግሩ ላይ ጭናለታለች። ዓይኗን እንደጨፈነች! እሱም ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። ያረጁ ሰዎች እኮ ናቸው፤ አያፍሩም?»

«ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ እማማ?»

ግራ ቀኙን አዩ። «ደህና ነው። እንዳትነግራት ብቻ፤ ከዝርዝሩ ታወጣኛለች።»

ከውስጥ እትዬ ወደ ራሷ ሰው ደርሳ ነበር፤ ድምፅዋ ዝግ አለ፣ ቃሉ አይለይም። ቆየ። አሁንም ቆየ። «ረጋ» የሚል የለም። አሜንም የሚል የለም። እማማ ሰዓቴን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፣ በሩን በክርናቸው ገፋ አደረጉ፣ ወደ ውስጥ ጮክ ብለው፦

«አሜን እንጂ፣ ልጆች! ሻዬ ቀዘቀዘ!»